የዘገየ ተስፋ የተከለከለ ተስፋ አይደለም

የሰው ልጅ በተስፋ የሚኖር ፍጡር ነው። እንስሳ የዛሬን ሣር ካገኘ ይበቃዋል፤ ሰው ግን ዛሬን እየኖረ ስለ ነገ ያስባል፤ በወጣትነቱ የሽምግልናውን ቤት ይሠራል፤ ሳይወልድ ለልጁ ስም ያወጣል። ይህ ማሰብና መመኘት ከፈጣሪ የተሰጠው ጸጋ ስለ ሆነ የሚነቀፍበት አይደለም። ነገር ግን የተመኘው ነገር በተመኘበት ጊዜ ሳይደርስለት ሲቀር፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ፣ ያው ተስፋ ሸክም ይሆንበታል። በዚያን ጊዜ በልቡ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «እግዚአብሔር ሰምቶኛልን?» የሚል ነው። ሁለተኛውም «ሰምቶኝስ ከሆነ ስለ ምን ይዘገያል?» የሚል ነው። የዛሬው ትምህርታችን ለእነዚህ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ መፈለግ ነው።

ጥያቄዎቹ ሩቅ አይደሉም። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ በየካና በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ባለው በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር፣ ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባቶቻቸው ቀርበው ከሚናገሩት ኀዘን ብዙው ይኸው ነው። በ1997 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት ከተመዘገቡት መካከል ከዐሥር ዓመት በላይ እየቆጠቡ ዕጣ የጠበቁ ብዙዎች ናቸው፤ ሲመዘገብ ላጤ የነበረው ልጆቹን በኪራይ ቤት አሳድጎአል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በማግሥቱም ዓመት ቁጥሩ ከዚያ አልተሻለም። ከእነዚህ ልጆች በስተኋላ የቆሙትን እናቶችና አባቶች ብንቆጥር በአንድ ጊዜ የስንት ቤት ተስፋ እንደ ተናወጠ እናስተውላለን። ልጅ ለምነው ያላገኙ ባልና ሚስት፣ ትዳር ተመኝተው ዕድሜአቸው የገፋ እኅቶችና ወንድሞች፣ ሥራ ሲፈልጉ ጫማቸው ያለቀ ወጣቶችም ከዚሁ ጉባኤ አይለዩም። እንግዲህ ስለ እነዚህ ሁሉ ቅዱስ መጽሐፍ ምን እንደሚያስተምር፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ታሪክ ምን እንደሚመሰክር በተራ እንመልከት።

፩. መዘግየት ማለት ምን ማለት ነው?

ሰው ጊዜን የሚለካው በራሱ ዕድሜ ነው። ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ ለእርሱ የዐሥር ዓመት ጥበቃ እጅግ ረጅም ነው። እግዚአብሔር ግን የዘመናት ጌታ እንጂ በዘመን የሚለካ አይደለምና ሥራውን የሚሠራው ነገሩ በሚበስልበት ጊዜ ነው።

የዚህ ዋናው ማስረጃ የመዳናችን ታሪክ ነው። አባታችን አዳም ሕግ ተላልፎ ከገነት በወጣ ጊዜ የመዳን ተስፋ ተሰጥቶታል። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያስተምሩትም ተስፋው እስኪፈጸም ድረስ አምስት ቀን ተኩል፣ ይኸውም 5,500 ዓመት ተቈጥሮአል። ከዚህ የሚበልጥ ጥበቃ በምድር ላይ አልታየም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ዘመን እግዚአብሔር ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አበውን ጠራ፤ ሕግን ሰጠ፤ ነቢያትን አስነሣ፤ ትንቢትን አናገረ፤ በመጨረሻም የተስፋው ማደሪያ የምትሆን ንጽሕት ድንግልን አዘጋጀ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ጌታ የተወለደው የዘመኑ ልክ በሞላ ጊዜ መሆኑን ለገላትያ ሰዎች ጽፎላቸዋል (ገላ. 4፥4)። ስለዚህ ለእኛ ባዶ መስሎ የሚታየን የጥበቃ ዘመን በእግዚአብሔር ዘንድ የዝግጅት ዘመን ነበረ።

ከዚህ በኋላ ሦስት ነገሮችን ለይተን ማወቅ ይገባናል። መዘግየት አንድ ነው፤ መከልከል ሌላ ነው፤ መረሳትም ሌላ ነው። እግዚአብሔር የለመኑትን አንዳንድ ጊዜ ወዲያው ይሰጣል። አንዳንድ ጊዜ በጊዜው ይሰጣል። አንዳንድ ጊዜም የለመኑትን ትቶ የሚበልጠውን ይሰጣል፤ ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተቀበለው መልስ የሚያስችለው ጸጋ ነበረ (2 ቆሮ. 12፥7–9)። መርሳት ግን በእግዚአብሔር ዘንድ የለም። ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መልስ እንደ መረሳት በቈጠረ ጊዜ ነው።

ስለዚህ በእግዚአብሔር መታመን ማለት «የተመኘሁትን በእርግጥ ይሰጠኛል» ብሎ ቀን መቁጠር አይደለም። ቢሰጠኝም፣ ቢያዘገይብኝም፣ ለውጦ ቢሰጠኝም አባቴ ነው፤ ለክፋት አያደርገውም ብሎ ልብን በእርሱ ላይ ማሳረፍ ነው። ቀን ቆርጠው «በሦስት ወር ውስጥ ይሆንልሃል» የሚሉ ሰዎች በየጊዜው ይነሣሉ። ቀኑ ደርሶ ነገሩ ሳይሆን ሲቀር ግን የተጐዳው ሰው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሃይማኖቱንም ነውና ከእንዲህ ያለው ቃል እንጠበቅ።

፪. የአብርሃምና የዮሴፍ ጥበቃ

አብርሃም ከካራን በወጣ ጊዜ የ75 ዓመት ሰው ነበረ (ዘፍ. 12፥4)። ይስሐቅ በተወለደለት ጊዜ ግን 100 ዓመት ሞልቶት ነበር (ዘፍ. 21፥5)። በተስፋውና በፍጻሜው መካከል 25 ዓመት አለ። በዚህም መካከል አንድ ልናስተውለው የሚገባ ነገር ተደርጎአል። ሣራ ጥበቃው በረዘመባት ጊዜ አገልጋይዋን አጋርን ለባልዋ ሰጠች፤ እስማኤልም አብርሃም የ86 ዓመት ሰው ሳለ ተወለደ (ዘፍ. 16፥16)። እግዚአብሔር ለእስማኤልና ለእናቱ ራርቶላቸዋል፤ በምድረ በዳም ውኃ አሳይቶአቸዋል። በዚያ ቤት የገባው ቅናትና ጠብ፣ የአጋርም እንባ፣ ግን ከችኮላው የመጣ ነበረ። የቸኮለ ሰው የሚጐዳው ራሱን ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚጐዳው በመንገዱ ላይ ያገኘውን ሌላውን ሰው ነው።

ዮሴፍም ሕልሙን ባየ ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ (ዘፍ. 37፥2)። በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ 30 ዓመት ሆኖት ነበር (ዘፍ. 41፥46)። በመካከሉ ያለው 13 ዓመት ጉድጓድ፣ ባርነት፣ ሐሰተኛ ክስና እስር ቤት ነው። ከዚህም ሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ሁለት ዓመት ይመስለናል። የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ከእስር ሲወጣ እንዲያስታውሰው ለምኖት ነበር፤ እርሱ ግን ረሳው። ሰው ተስፋ ከሌለው ይልቅ ተስፋ ተሰጥቶት ሲረሳ ይበልጥ ይደክማል። ነገር ግን ጠጅ አሳላፊው ወዲያው አስታውሶት ቢሆን ኖሮ ዮሴፍ ምናልባት ነጻ ወጥቶ ወደ አባቱ አገር ይመለስ ነበር እንጂ ፈርዖን ሕልም ባየ ቀን በግብፅ ባልተገኘ ነበር። በሰው ዘንድ መረሳት የነበረው በእግዚአብሔር ዘንድ ቦታውን አስጠብቆ ማቆየት ሆነ።

ከዚህም ሌላ ዮሴፍ በጥበቃው ጊዜ ሥራ አልፈታም። በጲጥፋራ ቤት ታማኝ መጋቢ ነበረ፤ በእስር ቤትም የእስረኞች አለቃ ሆኖ አገለገለ። የግብፅን እህል ማስተዳደር የተማረው ዙፋን ላይ ከወጣ በኋላ አይደለም፤ በሰው ቤትና በወኅኒ ነው።

፫. የቤተ ክርስቲያናችን ረጅም ጥበቃ

እንዲህ ያለው ነገር በቀደሙት አበው ዘመን ብቻ የተደረገ እንዳይመስለን፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ያሳለፈችውን ጥበቃ እናስታውስ።

በ4ኛው መቶ ዘመን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ማዕርገ ጵጵስናን ተቀብለው ወደ አክሱም ከተመለሱ ጀምሮ፣ ለ1,600 ዓመት ያህል ለኢትዮጵያ የሚሾመው ጳጳስ ከግብፅ የሚመጣ ነበረ። ቤተ ክርስቲያናችን ከእስክንድርያ መንበር ጋር ያላት አንድነት የሃይማኖት አንድነት ስለ ሆነ ታከብረውና ትጠብቀው ነበር። ነገር ግን ከገዛ ልጆቿ መካከል ቋንቋዋን የሚናገርና ሕዝቧን የሚያውቅ አባት እንዲሾምላት መመኘቷ አልቀረም። ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚል አንቀጽ በኒቅያ ጉባኤ ስም ተጽፎ በፍትሐ ነገሥት ውስጥ ስለ ገባ፣ ምኞቷ በሕግ የታሰረ ምኞት ሆኖ ኖረ። በ12ኛው መቶ ዘመን፣ በዛጉዬ ነገሥታት ጊዜ፣ የጳጳሳቱ ቁጥር እንዲበዛ ጥያቄ ቀርቦ ሳይፈቀድ ቀረ። ጳጳስ ባረፈም ጊዜ ሌላው እስኪመጣ ድረስ ብዙ ዓመት ያልፍ ነበርና በዚያ መካከል ክህነት የሚሰጥ አባት አይገኝም ነበር።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቀና ብለን የምናየው የእንጦጦ ተራራ የዚህ ታሪክ አንዱ ምስክር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በነገሡ ጊዜ ቀብተው ያነገሡአቸው ከግብፅ የመጡት አቡነ ማቴዎስ ነበሩ። አቡነ ማቴዎስ በኢትዮጵያ ረጅም ዘመን አገልግለው በ1919 ዓ.ም. ዐረፉ። ያን ቀን በእንጦጦ ከተሰበሰቡት ብዙ ሊቃውንት መካከል ግን ጳጳስ የሆነ ኢትዮጵያዊ አንድ እንኳ አልነበረም።

ከአቡነ ማቴዎስ ዕረፍት በኋላ በ1921 ዓ.ም. ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ ሲሾሙ አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች፣ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ፣ የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ። ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን ግን አልተሰጣቸውም ነበር። የተገኘው ስጦታ ግማሽ ይመስል ነበር። ነገር ግን ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ አገራቸው በፋሺስቶች ጥይት ተገደሉ፤ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ይህንኑ ጽዋ ተቀበሉ። በግማሽ ስጦታ ሙሉ መሥዋዕት ቀረበ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ፈተና ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባ ነው። በ1930 ዓ.ም. የኢጣልያ ገዥዎች የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ ለይተው ራሷን የቻለች ናት ብለው አወጁ። ነገሩ በውጭ ሲታይ አባቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት የተመኙት ነበረ። የሰጠው እጅ ግን ጳጳሳቷን የገደለ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት የፈጀ እጅ ነበረ። ዓላማውም ቤተ ክርስቲያኒቱን ነጻ ማውጣት ሳይሆን ለወራሪው አገልጋይ ማድረግ ነበረ። በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነጻ በወጣች ጊዜ አባቶች ያንን አዋጅ ይዘው «ምኞታችን ተፈጽሞአል» አላሉም። ወደ እስክንድርያ መንበር ተመልሰው ጥያቄአቸውን በቀጥተኛው መንገድ እንደ ገና አቀረቡ፤ መላላኩና ድርድሩም ዓመታት ወሰደ።

በ1940 ዓ.ም. ስምምነት ተደረሰ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አምስት ኢትዮጵያውያን አባቶች ጳጳሳት ሆኑ። አቡነ ቄርሎስም በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካረፉ በኋላ፣ ቀድሞ እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ ይባሉ የነበሩት አቡነ ባስልዮስ ጥር 6 ቀን 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳሳት ሆኑ። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአቡነ ቄርሎስ ስድስተኛ እጅ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብለው ተሾሙ። ወራሪው በአንድ ቀን አዋጅ የሰጣትን ትታ ቤተ ክርስቲያን እስከ ሊቀ ጳጳሳቱ ሹመት 13 ዓመት፣ እስከ ፓትርያርኩም ሹመት 21 ዓመት ጠበቀች። ያገኘችውም በቡራኬ የተሰጣትና ማንም «የጠላት ስጦታ ነው» ሊላት የማይችል ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን እንማራለን።

አንደኛ፣ ቤተ ክርስቲያን በጥበቃዋ ዘመን ሥራዋን አላቋረጠችም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ የቅኔው ትምህርት ቤት፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም፣ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ድርሰት ሁሉ የተገኙት በዚያው በ1,600 ዓመት ውስጥ ነው። «ከልጆቼ ጳጳስ እስኪሾም ድረስ አልዘምርም» ብትል ኖሮ የሚሾመው ጳጳስ ምን ያገኝ ነበር?

ሁለተኛ፣ መጠየቋን አልተወችም። አንድ ጊዜ ስላልተፈቀደላት «እንግዲህ አይሆንም» ብላ አልተቀመጠችም፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ልመናዋን አሳለፈች።

ሦስተኛ፣ የፈለገችውን ነገር ከማይገባው እጅ አልተቀበለችም። ይህ ለእያንዳንዳችን የሚሆን ትምህርት ነው። ረጅም ዘመን የጠበቅነው ነገር በጉቦ፣ በሐሰት ምስክር፣ ከፈተና በተሰረቀ ወረቀት ወይም በጠንቋይ ደጅ በኩል ድንገት «እነሆኝ» ቢለን፣ መልኩ የለመንነው ነገር መልክ ስለ ሆነ ብቻ ከእግዚአብሔር መጣ ማለት አይገባንም። የመጣበትን መንገድ እንጠይቅ።

፬. የጀመረ ሁሉ ፈጻሚ ላይሆን ይችላል

ከሁሉ የሚከብደው ጥበቃ ግን ፍጻሜውን በዐይን ሳያዩ መሞት ነው። ንጉሥ ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ በልቡ አሰበ፤ እግዚአብሔር ግን ሥራውን ለልጁ ለሰሎሞን ሰጠ (2 ሳሙ. 7)። ዳዊት በዚህ አዝኖ እጁን አላጠፈም፤ ወርቁንና ብሩን፣ ናሱንና ብረቱን፣ ድንጋዩንና የዝግባውን እንጨት አዘጋጅቶ ለልጁ አስረከበ (1 ዜና 22)። ሰሎሞን በሰባት ዓመት የሠራው በአባቱ ዝግጅት ላይ ቆሞ ነው። ሙሴም የተስፋይቱን ምድር ከናባው ተራራ ላይ ሆኖ አያት እንጂ አልገባባትም (ዘዳ. 34)።

የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር ስም ራሱ ይህን የመሰለ ታሪክ ያስታውሰናል። ስሙ የተገኘው አፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኛ መቀመጫ ከሰጡት ቦታ ነው። በዚያው ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ከባሕር በር እስከ አዲስ አበባ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ አጥብቀው ይሹ ነበር፤ ለዚህም በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ ሰጡ። ፈረንሳውያን የሠሩት ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በገንዘብ ችግርና በመንግሥታት ክርክር ብዙ ዓመት ቆመ። አፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልገባም ነበር፤ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ፉጨቱን በዋና ከተማቸው ሳይሰሙ ሞቱ፤ ነገር ግን በእርሳቸው አሳብ የተጀመረው መንገድ ለብዙ ትውልድ እንጀራ ሆነ።

ከሠፈሩ በላይ፣ በየካ ተራራ ላይ ደግሞ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ትውፊት ሥራውን ለአብርሃና ለአጽብሓ ዘመን ይሰጠዋል። ድንጋዩን በመሮ ቀን በቀን ጥቂት ጥቂት ያነሡት ሠራተኞች ስማቸው አልተጻፈም። መጀመሪያ አለቱን የመታው ሰው የመጨረሻውን ፍርፋሪ ከጠረገው ሰው ጋር አንድ ይሁን አይሁን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ዋጋውን ግን ሁለቱም አላጡም።

ተራራው በራሱ ዛፎችም ያስተምረናል። በአፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እንጨት እጥረት አዲስ አበባን ሊያስለቅቅ ደርሶ ሳለ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን አዳናት፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ አድጎ ይቆረጣል፤ ከጉቶውም እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ለብዙ ዘመን ከእንጦጦ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ሲወርዱ የኖሩ እናቶች ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ዛፍ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ የቆሙት ጥድና ወይራ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃቸውም፤ የተከላቸው አባት ጥላቸውን ሳያይ ያልፋል። እግዚአብሔር ሁለቱንም ፈጥሮአል። ፈጥኖ የሚሰጠው በረከት አለ፤ ለዕለት ጉርስ የሚያስፈልገን ነውና እናመስግነው። ዘግይቶ የሚሰጠውም በረከት አለ፤ የልጅ ልጆቻችን የሚጠለሉበት ነውና አንንቀለው።

፭. በጥበቃ ጊዜ ምን እናድርግ?

ጥበቃ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ስለዚህ ለሚጠብቁ ወገኖቻችን ጥቂት ምክር እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ምኞታችንን እንመርምረው። የምንለምነው ነገር ለነፍሳችን የሚጠቅም፣ ለባልንጀራችንም የማይከፋ መሆኑን ከንስሐ አባታችን ጋር እንማከር። አንዳንድ ጊዜ የዘገየው ነገሩ ሳይሆን እኛ ነን፤ ዕቃው ተዘጋጅቶ ሳለ የሚሸከም ትከሻ ገና ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ጸሎታችንን ከስሞታ ወደ ልመና፣ ከልመናም ወደ ምስጋና እናሳድገው። ሐና በቤተ መቅደስ በእግዚአብሔር ፊት ነፍሷን ባፈሰሰች ጊዜ ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም ነበር፤ ፊቷ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ቀድሞው አላዘነም (1 ሳሙ. 1፥18)። ልጁን ከማግኘቷ በፊት ሰላምን አገኘች ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በእጃችን ያለውን ሥራ እንሥራ። በፈተና ያልተሳካለት ልጃችን የቅዱስ ያሬድን ነገር ያስታውስ። ያሬድ በአክሱም ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው ብሎ፣ ቅጣቱም በዝቶበት ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሄደ። በማይ ኪራህ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ሲወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲሳካለት አየ፤ ተጽናንቶም ወደ መምህሩ ተመለሰ። ትሉ በሰባተኛው የወጣው በዕድል አይደለም፤ ከስድስቱ ውድቀት በኋላ መውጣትን ስላልተወ ነው። በአብነት ትምህርት ቤትም የኖርን ሁላችን እናውቀዋለን፤ የቆሎ ተማሪ ድጓውን ዘልቆ በቤተ ልሔም እስኪያስመሰክር፣ ወይም ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አባ እስኪፈጽም ድረስ ስንት ክረምት በጎጆ ውስጥ እንደሚያልፍበት። ትምህርቱ የሚጸናው በዚያው በመዘግየቱ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማልና።

አራተኛ፣ በጎረቤታችን ዕድሜና ዕድል ራሳችንን አንለካ። የባልንጀራችን ልጅ ተመረቀ፣ የእገሌ ቤት ዕጣ ወጣ ስንል አብረን ደስ ይበለን። ኤልሳቤጥ በእርጅናዋ በወለደች ጊዜ ጎረቤቶችዋና ዘመዶችዋ አብረው ደስ እንዳላቸው ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎአል (ሉቃ. 1፥58)። የሌላው ደስታ ከእኛ ድርሻ የተቀነሰ አይደለም።

አምስተኛ፣ ብቻችንን አንጠብቅ። የሚያዝን ሰው ከማኅበርና ከቅዳሴ በራቀ ቁጥር ኀዘኑ ይከብድበታል። በቤታችሁ ፈተና ያልተሳካለት ልጅ ካለ፣ ወላጆች ሆይ፣ ውጤቱን የስሙ መጠሪያ አታድርጉበት። በማኅበራችሁም ልጅ ያልወለደች እኅት ካለች በጥያቄ አታድክሟት፤ እርሷ የምታውቀውን ኀዘን መልሶ መንገር መጽናኛ አይሆንም።

፮. የሰው በደል የእግዚአብሔር ቀጠሮ አይባልም

ትምህርታችን በክፉ እንዳይተረጐም አንድ ነገር ማስገንዘብ ያስፈልጋል። የሚዘገየው ሁሉ በእግዚአብሔር ፈቃድ ብቻ የዘገየ አይደለም። የድሀውን ጉዳይ በጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ነገ ና» እያለ የሚያመላልስ ሹም፣ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያቆይ አሠሪ፣ የወንድሙን ውርስ ይዞ ዓመታት የሚከራከር ሰው፣ «እግዚአብሔር በጊዜው ያደርግልሃል» ብሎ ሊያጽናና አይገባውም። የሰው በደል የእግዚአብሔር ቀጠሮ ተብሎ አይሰየምም። የእግዚአብሔርን ትዕግሥት የራሱ ስንፍና መሸፈኛ የሚያደርግ ሰው በድሀው ላይ ሁለት ጊዜ ይበድላል፤ ጊዜውን ይወስድበታል፤ በፈጣሪውም ላይ እንዲያጉረመርም ያደርገዋል።

ለተበደለውም ትዕግሥት ማለት ዝምታ አይደለም። ጌታችን ሳንታክት እንድንጸልይ ሲያስተምረን ምሳሌ አድርጎ ያቀረበልን ወደ ዳኛው እየተመላለሰች መብቷን የጠየቀችውን መበለት ነው (ሉቃ. 18፥1–8)። እንግዲህ የሚጠብቅ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ይለምን፤ በሰውም ፊት የሚገባውን በሥርዓትና በእውነት ይጠይቅ። ቤተ ክርስቲያናችን ከእስክንድርያ ጋር ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ጸለየች፤ ደግሞም መልእክተኛ ላከች።

ምእመናን ሆይ፣ መጀመሪያ ወዳነሣናቸው ወደ ሁለቱ ጥያቄዎች እንመለስ። «እግዚአብሔር ሰምቶኛልን?» ለሚለው መልሱ አዎን ነው፤ የአጋርን እንባ በምድረ በዳ፣ የሐናን ሹክሹክታ በቤተ መቅደስ የሰማ አምላክ የእኛንም ይሰማል። «ስለ ምን ይዘገያል?» ለሚለው ግን በየአንዳንዱ ሰው ጉዳይ ምክንያቱን ቆጥሮ ለመናገር ሥልጣን የተሰጠው የለም። ጌታችን አልዓዛር መታመሙን ከሰማ በኋላ ሁለት ቀን በነበረበት ቦታ ቆየ (ዮሐ. 11፥6)፤ ማርታና ማርያም በእነዚያ ቀኖች ውስጥ ምክንያቱን አላወቁም ነበር። ነገር ግን የዘገየው ጌታ መጣ፤ በመጣም ጊዜ አብሮአቸው አለቀሰ። የሚያዘገይ አምላካችን የሚያለቅስ አምላክ ስለ ሆነ እንታመነው።

የአበው አምላክ ልዑል እግዚአብሔር ለሚጠብቁት ሁሉ ትዕግሥትን፣ ለሚያስጠብቁ ርኅራኄን፣ ለጀመሩ ብርታትን፣ ለሚረከቡም ታማኝነትን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።